ማን እንደጀመረ ሳልጠይቅ

ጩጬ ከሚስቱ ተጣልቶ እኔ ቤት በገባ በሦስተኛው ሳምንት ነው ጫጩቷ የቆሰለችው።

ጩጬ ስላችሁ ትንሽ ልጅ እንዳይመስላችሁ። ወንዱ ልጄ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ በሩን ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። በሕፃንነቱ የወጣለት ስም ሳይለቀው ቀርቶ ነው። እህቱ በአራት ዓመት ትበልጠዋለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ትዳር አልቀናትም፣ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ጫጩቶቹም የእሷ ናቸው። ዓይኗ እየደከመ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅታት፣ «እማዬ፣ ስፌቱ ሳይተወኝ ሌላ ነገር ልጀምር» ብላ ጓሮ ያለውን ዕቃ ቤት ጠራርጋ፣ ሰጋቱራ አንጥፋ፣ ማሞቂያ አምፖል ሰቅላ ሠላሳ ጫጩት አስገባችበት።

ያን ቀን ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ ውሃቸውን ልቀይር ስገባ ሁሉም አንድ ጥግ ተከምረዋል። ጥሬ የተበተነላቸው ነው የሚመስለው። በእጄ ገፋ ገፋ ባደርጋቸው ከሥር አንዲት ሚጢጢ ተጋድማለች። ከኋላ ጭንቅላቷ ላባው ተነጭቶ ሥጋው ተልጧል። አለቀላት ብዬ ሳነሳት ልቧ መዳፌ ላይ ትርትር አለ። የከበቧት ደግሞ አንጋጠው ያዩኛል፤ ምንቃራቸው ላይ ደም አለ፣ ዓይናቸው ግን ምንም የሠሩ አይመስልም።

ጫጩቶቹን የፈለፈለችልን ሴትዮ ጋ ደወልኩ።

«ቶሎ ለይተው ያውጧት እትዬ» አለችኝ። «ዶሮ ቀይ ካየ አይተውም። ቁስሏን በለብታ ውሃ ይጠቡና ጂቪ ይቀቡላት፤ ያን ሐምራዊ የቁስል ቀለም። ቀዩን ይሸፍነዋል። ሲድንላት ማታ ማታ ሊተኙ ሲሉ መሀላቸው ያስገቧት፣ አብራ ያደረች ይመስላቸዋል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ደግሞ፣ ነገሩ ካልቆመ የቆሰለችውን ማውጣት ብቻ አይበቃም። ጀማሪ አለ። እሱን ያውጡ።»

ስልኩን ስዘጋ ጩጬ ኋላዬ ቆሟል። መምጣቱን አልሰማሁም። ጫጩቷን ከእጄ ወሰዳት፤ ያ ትልቅ እጁ እንደ ሕፃን ነው የያዛት። ቁስሏን አየና በሌላው እጁ የራሱን ማጅራት ነካ። እዚያ ጋ ፀጉር የማይበቅልበት ጠባሳ አለው፣ ሳንቲም የሚያህል።

«ማን ጀመረ?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ ጫጩት አይደለም እንዴ!»

«ጀማሪ አለ ብላሻለች።»

እህቱ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወጣች። ጩጬ ጫጩቷን ደረቱ ላይ ለጥፎ ስታየው ሳቋ መጣ። «አይ ጩጬ! ትዳሩ አልሆን ሲለው ሊታቀፍ መጣ!» አለች። እኔም ሳቅሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና። እሱ አልሳቀም። አያትና ቀስ ብሎ «እታለም፣ ውሃ ታሞቂልኛለሽ?» አላት። እታለም ብሎ ከጠራት ስንት ዘመኑ! ልቤ ደስ አለው። የምስኪን ፍጥረት ነገር አንጀቱን በላው፣ ከእህቱም ሊያስታርቀው ነው ብዬ አመሰገንኩ።

እውነት ለመናገር፣ በልጅነታቸው አይዋደዱም ነበር። የግቢው ልጆች ጩጬን ያሳድዱት ነበር፤ ጫማውን ይደብቁበታል፣ ጉድጓድ ውስጥ ያስገቡትና ክዳኑ ላይ ይቀመጡበታል። እህቱም ከእነሱ ጋር ነበረች። ስምንት ዓመቱ እያለ በድንጋይ ማጅራቱን ተፈንክቶ፣ ሸሚዙ በደም ርሶ መጣ። እኔ ያኔ ሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ነበርኩ። ምን አደረግሁ? ከመሀላቸው አወጣሁት። ከትምህርት ቤት ሲለቀቅ በቀጥታ ወደ ማጠቢያው ክፍል ይመጣል፣ በሁለት የአንሶላ ክምር መሀል ቁጭ ይላል፤ እስከ አሥራ ሦስት ዓመቱ እንደዚያ ኖረ። ማን ነው ያደረገህ ብዬ አልጠየቅሁም። ብጠይቅ ምን ልሰማ እንደምችል ስለማውቅ ይመስለኛል። የቆሰለውን አነሳሁ፣ ሌላውን ለፈጣሪ ተውኩት። ለነገሩ ይሄ ልማዴ ነው። ከሚስቱ ተጣልቶ ሻንጣውን ይዞ ሲመጣም «አባረረችኝ» አለኝ፣ አልጋ አነጠፍኩለት። ሚስቱ ደጋግማ ስትደውል አላነሳሁም። ልጄን አባርራ ደግሞ ምን ልትለኝ ነው ብዬ።

ጫጩቷ ካርቶን ውስጥ እሱ ክፍል ገባች። በየሁለት ሰዓቱ በጠብታ ውሃ ያጠጣታል። ጂቪውን በጥጥ ይቀባታል፤ አውራ ጣቱ ሐምራዊ ሆኖ ቀረ። በአራተኛው ቀን ዓይኗን ገለጠች፣ በሳምንቷ ጥሬ ለቀመች። ቀሪውን ሰዓቱን ግን እዚያ ዕቃ ቤት ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ መንጋውን ሲያይ ነው የሚውለው። ምሳ ብዬ ስጠራው «እሺ» ይልና አይመጣም።

«ምን ታደርጋለህ?»

«አያለሁ።»

«ምኑን ነው የምታየው?»

«ይለያሉ እማዬ። ሁሉም አይነቁርም። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይከተላል። የሚጀምረው ሁልጊዜ አንድ ነው።»

ከዚያ ቀን በኋላ አንዳንዶቹ ጀርባ ላይ ሐምራዊ ነጥብ አየሁ። ቆስለው ይሆናል ብዬ አለፍኩት። በማግስቱ ጠዋት ነጥብ ካለባቸው አንዷ ሞታ ተገኘች። ከሁለት ቀን በኋላ ሌላኛዋ። ከዚያ ሁለት ባንዴ። ልጄ አለቀሰች፤ «ምን አድርጌ ነው እማዬ? ብርድ ነው? ምግቡ ነው?» ትለኛለች። አምፖሉን ቀየረች፣ ሰጋቱራውን አውጥታ ሌላ አነጠፈች። ጩጬ አብሯት ይጠርጋል፣ ይሸከማል። በጣም ደግ ሆነላት። ክር እንኳን መርፌ ውስጥ ያስገባላት ጀመር። ጎንበስ ብሎ ከኋላዋ ቆሞ በትከሻዋ በኩል ሲያስገባላት ሳይ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሥራዬን ትቼ እስኪጨርስ አያቸዋለሁ።

«ያቺ እኮ ድናለች» አልኩት አንድ ቀን። «አስገብተህ ቀላቅላት። ብቻዋን ስትለምድ አይቀበሏትም።»

«እነዚህ እያሉ አትገባም።»

«እነማን?»

«ገና ሁለት ይቀራሉ» አለኝና ካርቶኑን አቅፎ ገባ።

የክትባት ቀን ሲደርስ ያቺ የፈለፈለችልን ሴትዮ ራሷ መጣች፣ መድኃኒቱን በውሃቸው ልትበጠብጥ። ያን ጠዋት አምስተኛዋ ሞታ ነበር። ልጄ በጋዜጣ ጠቅልላ አሳየቻት። ሴትዮዋ ገለጥ አድርጋ አየች፣ አገላበጠች፣ አንገቷን በሁለት ጣት ይዛ ወዲህ ወዲያ አደረገች። ከዚያ ልጄን «እስኪ ንጹሕ ውሃ አምጪልኝ» ብላ ላከቻትና ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«እትዬ፣ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አለ?»

«ምነው?»

«ይቺ አልተነቆረችም። በሽታም አይደለም። አንገቷ ተጠምዝዞ ነው።»

«ጫጩት አንዷ አንዷን…»

«ጫጩት እጅ የለውም እትዬ» አለችኝ።

ክትባቱን ጨርሳ ሄደች። እኔ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ቁጭ አልኩ። ልጸልይ ብዬ አፌን ብከፍት ቃሉ ጠፋኝ።

እኩለ ቀን ላይ ልጄ ውሃ ልትጠጣ ማድ ቤት ገባች። ፀጉሯን ወደ ላይ ሰብስባዋለች። ስትዞር ማጅራቷ ላይ፣ ልክ ከፀጉሯ ሥር፣ ሐምራዊ ነጥብ አየሁ። ክብ ነው። የአውራ ጣት መስመሩ ሳይቀር ይታያል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምኑ?» አለችና በእጇ ዳበሰችው። «እ፣ ጩጬ ነው መሰለኝ። ጠዋት ክር አለብሽ ብሎ አነሳልኝ። ምነው ፊትሽ እንዲህ የሆነው?»

እርጥብ ፎጣ አንስቼ ፈተግሁላት። አይለቅም። እሷ «ኧረ ቆዳዬን ላጥሽው!» እያለች ትስቃለች። እኔ መፈተጌን አልተውኩም።

ጩጬን ጠራሁት። መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ጫጩቶቹን የገደልካቸው አንተ ነህ?»

እህቱ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። እሱ አልካደም።

«ለየኋቸው» አለ። «ሴትዮዋ አይደል ያለችው? የጀመረው ይውጣ።»

«እህትህ አንገት ላይ ያለውስ?»

«ክር ነበረባት» አለና አያት። ዓይኑን አልነቀለም።

እንግዲህ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልጠየቅሁትን ያኔ ጠየቅሁ። «አንቺ» አልኳት፣ «ያን ድንጋይ ማን ነው የወረወረው?»

የትኛውን ድንጋይ አላለችም። ቀሚሷ ደረት ላይ የሰካቻቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ እየነቀለች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። «እኔ ነኝ» አለች። «ሌሎቹ ፈርተው ነበር። ተው እያሉኝ ነው የወረወርኩት። ጩጬ… ይቅር በለኝ።»

«እኔ አውቀዋለሁ» አላት። «እማዬ ናት የማታውቀው።»

ከጓሮ የጫጩቶቹ ድምፅ ይሰማል። ለልጄ ፈራሁላት፤ ለእሱም ፈራሁ፤ ግን አንዱን መምረጥ ነበረብኝ። «ሻንጣህን አዘጋጅ» አልኩት። «ዛሬውኑ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ።»

ፊቱ የስምንት ዓመት ልጅ ፊት ሆነ። «እኔን ነው የምታወጪኝ?» አለ። «ሁልጊዜ የምታወጪው እኔን ነው።»

ገባ፣ በአንድ እጁ ሻንጣውን፣ በሌላው በኮቱ የሸፈነውን ዕቃ ይዞ ወጣ። እህቱን በጎኗ ሲያልፍ አልነካትም። የአውቶብሱ ፌርማታ ከኛ ቤት ሩቅ አይደለም፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ዳቦ ቤት ጋ ነው። በሩን ከኋላው ቆለፍኩ። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ለደንቡ ያህል ሚስቱን ላሳውቃት ብዬ ስልኬን አነሳሁ። ገና አንዴ ሳይጠራ አነሳችው።

«እማማ?»

«ደህና ነሽ ልጄ? ጩጬ ወደ ቤቱ እየመጣ ነው፣ ልንገርሽ ብዬ ነው።»

«ወደ የት?»

«ወደ ቤቱ ነዋ። ወደ አንቺ።»

መዝጊያ ሲዘጋ፣ መሸጎሪያ ሲገፋ ሰማሁ።

«እማማ፣ ስንት ጊዜ ደወልኩልዎት» አለች። ድምፅዋ ሻካራ ነው፣ ጉንፋን የያዛት ይመስላል። «አንድ ቀን እንኳን ምን ሆንሽ ብለው ቢጠይቁኝ ምን ነበር? እኔ አላባረርኩትም። ጎረቤት በር ሰብሮ ገብቶ ነው ከእጁ ያወጣኝ። እስካሁን ምራቄን ስውጥ ጉሮሮዬን ያመኛል።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ የጩጬን ክፍል በር ገፋሁ። አልጋው ተነጥፏል። ካርቶኑ የለም።

«በርሽን ቆልፊ» አልኳት። «እኔ ካልሆንኩ ለማንም እንዳትከፍቺ።»

በቤት ነጠላ ጫማ ሮጥኩ። ልጄ ከኋላዬ «እማዬ ወዴት ነው?» ትላለች፤ «ቆልፊና ግቢ!» አልኳት። በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያ መሮጥ እችላለሁ ብሎ ማን ይገምታል። ድሮ የቆሰለውን ሳልጠይቅ አወጣሁ፤ አሁን ደግሞ የሚያቆስለውን አውጥቼ ሌላ ሰው ቤት ላክሁት። ጌታዬ ሆይ፣ አውቶብሱን አዘግይልኝ እያልኩ ነው የሮጥኩት።

ፌርማታው ላይ ተቀምጧል። ሻንጣው እግሩ ሥር፣ ካርቶኑ ጭኑ ላይ። ጫጩቷ አንገቷን ብቅ አድርጋ መንገዱን ታያለች። ቁስሏ ላይ አዲስ ላባ መውጣት ጀምሯል። አጠገቡ ቁጭ አልኩና የሸሚዙን እጅጌ ያዝኩት።

«ምን ፈለግሽ?» አለኝ ሳያየኝ።

«ወደ ሚስትህ አትሄድም። ደውዬላታለሁ፣ ነግራኛለች።»

አውራ ጣቱ የጫጩቷን አንገት ቀስ እያለ ይደባብሳል፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች።

«ሐኪም ቤት ነው የምንሄደው» አልኩት። «እኔና አንተ። ድሮ የምሠራበት። የሆነውን ሁሉ እንነግራቸዋለን፣ የእህትህንም፣ የሚስትህንም፣ የኔንም። እስከዚያ ካጠገቤ አትነሳም።»

«እንደ ማጠቢያው ቤት?»

«አይደለም። ያኔ ደብቄህ ነው።»

አውቶብሱ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። ወደ ሚስቱ የሚሄደው ነው። ጩጬ ሻንጣውን በእግሩ ሳብ አደረገ። ጣቱ ጫጩቷ አንገት ላይ ቆመ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ትሞቃለች፤ ከእሱ እጅ ሌላ የምታውቀው የለም።

አውቶብሱ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ። ሹፌሩ አየን።

«ትገባላችሁ?» አለ።

ጩጬ ተነሳ። አብሬው ተነሳሁ። እጅጌውን አልለቀቅኩትም። ጎትቶ ሊያስለቅቀኝ ሞከረ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፤ ስፌቱ ትከሻው ጋ ተርተር ሲል ሰማሁ። ያን ሸሚዝ እህቱ ናት የሰፋችለት።

«አንገባም» አልኩት ሹፌሩን። «አንገባም፣ ሂድ።»