ወድቆ የማያውቀው ዘንዶ

በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም ፍሬን ነው የሚላት። መኪና መንዳት ታስተምራለች። የማሠልጠኛ መኪና በሰልጣኙ በኩል ብቻ ሳይሆን በአሠልጣኙም በኩል ፍሬን አለው፤ የእሷ ቀኝ እግር ደግሞ ከዚያ ፍሬን ላይ ተነሥቶ አያውቅም። ሰልጣኙ ገና "ፍሬን ልያዝ ይሆን?" ብሎ ሳያስብ እሷ ረግጣ ጨርሳለች። አይፈረድባትም። ሥራ በጀመረች ሰሞን አንዱ ሰልጣኝ ከነመኪናው ፍራፍሬ ሱቅ ገብቶ፣ ብርቱካን መንገድ ለመንገድ ሲያስለቅማት ውሏል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ! ከዚያ ወዲህ አንድም ሰልጣኝ አጋጭቶባት አያውቅም፤ ይህንንም ለሰማውም ላልሰማውም ታወራለች። ፈተናውን ስንቶቹ እንዳለፉ ግን አይጠየቅም፤ እሷም አታነሣው።

ይህች ሴት በሳምንት አንድ ቀን ሌላ ሰው ትሆናለች። እሑድ ከሰዓት፣ ሰፈሩ ውስጥ ያለው ዳቦ ቤት ሲዘጋ፣ ከምድጃው በስተጀርባ ባለው የማቡኪያ ጠረጴዛ ዙሪያ አራት ሰዎች ይሰበሰባሉ። ተራኪው ታናሽ ወንድሟ ነው። በሥራ ቀን መነጽር ይሸጣል፤ እሑድ እሑድ ግን ዓለም ይፈጥራል። እሱ መንገዱን፣ ዋሻውን፣ ጠላቱን ይተርካል፤ ሌሎቹ በዚያ ዓለም ውስጥ አንድ አንድ ሰው ሆነው ይኖራሉ። "እንዲህ አደርጋለሁ" ይላሉ፤ ይሳካ አይሳካ የሚወስነው በየገጹ ቁጥር የተጻፈበት፣ ሃያ ገጽ ያለው የሚወረወር ዳይስ ነው። የዳቦ ቤቱ ባለቤት፣ ጋሼ የሚሏቸው ጋጋሪ፣ በር የማይበቃቸው ሰው ሲሆኑ በጨዋታው ውስጥ ጣት የምታክል የጫካ መንፈስ ናቸው። ፀጉር ሠሪዋ ደግሞ ንፋስ የሚወስዳት ቀጭን ልጅ ሆና ሳለ ተራራ የሚያክል ጢማም ግዙፍ ሆናለች። ሰው መቼም ያጣውን ነው የሚመኘው።

የዚህ ጠረጴዛ ልማድ ሌላ ቦታ አይገኝም። የሚጫወቱባቸው ምስሎች በሙሉ ዳቦ ናቸው፤ ጋሼ ናቸው የሚጋግሯቸው። በጨዋታው ውስጥ የሞተ ይበላል። እዚያው፣ ለሁሉም ቁራሽ ቁራሽ ደርሶት፣ ዝም ተብሎ ይበላል። ያደገ ደግሞ ተለቅ ያለ አዲስ ምስል ይጋገርለትና የድሮው በሣቅና በጭብጨባ ይበላል። ስለዚህ ከሞት መመለስ ብሎ ነገር የለም። ከሆድ ማን ተመልሶ ያውቃል?

ዘንዶው የመጣው ከእንቁላል ነው። ከአንድ ዋሻ ይዘውት የወጡት ድንጋይ የመሰለ እንቁላል አንድ እሑድ ተሰነጠቀ። ወንድሟ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ ያየው አንቺን ነው" አላት። አንጀቷን በላው። ጋሼ በሳምንቱ ሆዱ የተነፋ፣ ጉንጩ የሞላ፣ ዓይኑ ሁለት ዘቢብ የሆነ ግልገል ዘንዶ ጋግረው ሲያመጡ ደግሞ ጭራሽ ውሃ ሆነች። ስሙን እዚያው አወጣችለት፦ ድምቡሼ።

"ስሚ እቴ" አላት ወንድሟ ያን ዕለት። "ግልገል መብረር የሚማረው በመውደቅ ነው። አምስት ነፍስ አለው። ዘሎ በወደቀ ቁጥር አንድ ነፍስ ይቀነስበታል፣ ክንፉ ግን ይጠነክራል። ሲያርፍ ነፍሱ ይመለስለታል። በገመድ ልትይዢው ትችያለሽ፤ በገመድ ከያዝሽው ግን አይወድቅም፣ ካልወደቀ ደግሞ..."

"እሺ፣ እሺ" አለች። ከሰማችው ውስጥ ጆሮዋ የገባው ገመድ የሚለው ብቻ ነው። ከፀጉር ሠሪዋ ቀይ ክር ተቀብላ በዳቦው አንገት ላይ ስትቋጥር ነበር።

አቤት ያ ሰሞን! ድምቡሼ ባነጠሰ ቁጥር እሳት እየወጣው የግዙፉን ጢም ሁለት ጊዜ አቃጠለ፤ ፀጉር ሠሪዋም "ይሄን ጢም ራሴ ነኝ የምቆርጠው እንጂ ዘንዶ አይቆርጥልኝም!" ብላ ጮኸች። ከሽፍቶች ጋር ሲዋጉ የሽፍቶቹን አለቃ ጫማ በልቶ፣ አለቃው በባዶ እግሩ ሲሸሽ እሾህ ላይ ወጣ። ፍሬን ሥራ ቦታ ሳይቀር ትዝ እያላት፣ ቀይ መብራት ላይ ቆማ ብቻዋን ትስቃለች። ሰልጣኙ በእሱ የሳቀች መስሎት ፊቱ ቲማቲም ይመስላል። በረራም ታስተምረዋለች፤ ከጣሪያ፣ ከዛፍ፣ ከግንብ ታዘልለዋለች። ዳይሱ ከእጇ ወጥቶ ገና ሳይቆም፣ "ገመዱን ስቤዋለሁ!" ብላ ትጮኻለች። ድምቡሼ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ እሷም "ጎሽ የኔ አንበሳ!" ትለዋለች።

ከዚያ ያ እሑድ መጣ።

"ድልድዩ ተበጠሰ!" ብሎ ወንድሟ ጠረጴዛውን ሲመታው ዱቄቱ ቦነነ። ግዙፉና የጫካው መንፈስ ማዶ በቀረው የድልድይ ቁራጭ ላይ ተንጠላጥለዋል፤ ቁራጩም ቀስ በቀስ እየተፈታ ነው። ፍሬንና ድምቡሼ ከገደሉ ወዲህ ናቸው። ወዲህ በእጃቸው የቀረውን የረጅሙን ገመድ ጫፍ ማዶ የሚያደርስ ከተገኘ ሁለቱ ይተርፋሉ። ወንድሟ በጎማ የሚሄደውን የዳቦ መደርደሪያ እየገፋ አመጣና ድምቡሼን ከላይኛው ትሪ ላይ አቆመው።

"ገደሉ ይኸውላችሁ። ግድግዳው እንዲህ ደረጃ ደረጃ ነው። ከታች ግን" አለና የመጨረሻውን ትሪ በጣቱ መታው፣ "ከታች ወንዝ ነው። እዚያ የገባ አለቀለት።"

"ታዲያ ምን ያስጨንቃል?" አለች ፍሬን ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ። "ድምቡሼ ይብረራ! ለዚህ ቀን አይደል ያሳደግነው!"

"ይብረር። እስካሁን ስንት ጊዜ ወድቋል?"

"አንድም ጊዜ!" አለች ደረቷን ነፍታ። "አንድ ጭረት የለበትም! ማን እንዳሳደገው አትርሳ እንጂ።"

ማንም አላጨበጨበም። ወንድሟ ዳይሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"እቴ... አንድም ጊዜ?"

"አንድም!"

"እንግዲያው ክንፍ የለውማ። የመጀመሪያው ቀን ነግሬሽ አልነበር?"

"መቼ ነገርከኝ?"

"ነግሮሻል" አሉ ጋሼ አቀርቅረው። "እኔም ሰምቻለሁ። አንቺ ክር ስትቋጥሪ ነበር።"

ክው አለች። ያን ሁሉ እሑድ፣ ያን ሁሉ ዛፍና ግንብ አስታወሰች። በየቦታው ያዘለለችው እሷ፣ በየቦታው የያዘችው እሷ።

"እና አሁን ስንት ያስፈልገዋል?"

"ሃያ። ከሃያ በታች ከወጣ ይወድቃል።"

"በገመዱ ይዤው ቢሆንስ?"

"አንገቱ ላይ ያለው ያንቺ ገመድ የገደሉ ግማሽ ድረስ ነው። ወይ ትፈቺዋለሽ፣ ወይ ይቀራል።"

"ተዪው ልጄ" አሉ ጋሼ። "እኛው እንሙት። እኔ እንደሆነ ጣት የማክል ነኝ፣ ለአንድ ጉርሻም አልበቃ።"

"ጋሼ፣ ስለራስዎ ይናገሩ! እኔ መሞት አልፈልግም!" አለች ፀጉር ሠሪዋ። ከዚያ ወደ ፍሬን ዞረች። ይህች ልጅ የፍሬን ሰልጣኝም ናት። የመንጃ ፈቃድ ፈተና ሁለት ጊዜ ሳታልፍ ተመልሳለች፤ ሦስተኛው ነገ ነው። "እትዬ፣ እንዳትቀየሚኝ እንጂ እኔም ልክ እንደሱ ነኝ። ያላንቺ እግር አንድ ቀን ነድቼ አላውቅም። ፈተና ላይ አጠገቤ የሚቀመጠው ሰውዬ ፍሬኑን አይነካልኝም፤ መቼ እንደምይዝ ስለማላውቅ ባለሁበት እደርቃለሁ።"

ፍሬን ወደ ድምቡሼ ዞረች። ከፍቷታል። ድምቡሼ በዘቢብ ዓይኑ ያያታል፣ አንድ ጭረት የለበትም። አንድ ጭረት የለበትም! ይህን ለራሷ ስትደግመው የሆነ ነገር ብልጭ አለላት።

"ቆይ፣ ቆይ! ነፍሱ ሙሉ ነው አይደል? አምስቱም አለ?"

"ሙሉ ነው። ማን ነክቶት?"

"ቢወድቅ ቀጥታ ወንዙ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ወይስ ቀጥሎ ያለው ደረጃ ላይ?"

ወንድሟ መደርደሪያውን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ፈገግታው እስከ ጆሮው ደረሰ። "ደረጃው ላይ። አንድ ነፍስ ይቀነሳል፣ ከሚያስፈልገው ቁጥር ላይ ደግሞ ሦስት። ከዚያው እንደገና መዝለል ይችላል። ትሪው እስኪያልቅ፣ ነፍሱ እስኪያልቅ።"

"መቀስ!" አለች ፍሬን እጇን ዘርግታ።

ፀጉር ሠሪ ያለ መቀስ አትሄድም። ቀዩ ክር ተቆረጠ፤ ፍሬን ዳይሱን አነሣች፣ ወረወረችም። አራት። በጠረጴዛው ሥር ቀኝ እግሯ ሳታዝዘው ወለሉን ጧ አድርጎ ረገጠ።

"ዘለለ!" አለ ወንድሟ። "ክንፉን አንዴ አራገበ፣ ተገለበጠ፣ ድው! አለቀሰ። ወደ ላይ፣ ወዳንቺ ያያል፤ ገመዱን ነው የሚፈልገው።"

"አይዞህ የኔ ልጅ!" አለች። "ዝለል በለው!"

አሥራ አንድ። አልበቃም፤ አሁን የሚያስፈልገው አሥራ ሰባት ነበር። እግሯ እንደገና ወለሉን መታ። "አነከሰ" አለ ወንድሟ። "አሁንም ወደ ላይ ያያል።" ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ዳይሱን ግን አልለቀቀችም። ስድስት። "ሦስተኛው ደረጃ ላይ በሆዱ ወደቀ። ተነሣ። ክንፉን አራገፈው።" ወንድሟ ቀና ብሎ አያት። "በዚህ ጊዜ ወዳንቺ አላየም እቴ። ማዶውን ነው ያየው።"

ከፋትም፣ ደስም አላት፤ ሁለቱም እኩል። እንደገና ወረወረች። አሥር። የሚያስፈልገው አሥራ አንድ ነበርና ጋሼ ራሳቸውን ያዙ። ድምቡሼ ወረደ፤ ከእሱ በታች ያለው ወንዙ ብቻ ነው። አንድ ነፍስ ቀርቶታል። ስምንት ከወጣ ይበርራል፤ ከስምንት በታች ከሆነ ይበላል።

በዚህ መሐል ፍሬን አንድ ነገር ልብ አለች። ለአራተኛው ውርወራ እግሯ ወለሉን አልረገጠም ነበር።

ዳይሱን በሁለት እጇ አሽታ ለቀቀችው። ተንከባለለ፣ ተንከባለለ፣ ጠረጴዛው ጫፍ ያለ የዱቄት ክምር ውስጥ ገብቶ ቆመ። አራቱም ጭንቅላት ተጋጨ። ቁጥሩ ግማሹ ዱቄት ለብሷል፤ የሚታየው ጎባጣ ጎኑ ብቻ ነው። ሦስት ይሁን ስምንት አይለይም።

"እንዳይነካ!" ብሎ ወንድሟ ጮኸ። "የነካው ሰው ያበላሸዋል!"

"ማን ነካው" አሉ ጋሼ። ስንት ዓመት ዱቄት ላይ የኖሩ ሰውዬ ጎንበስ አሉና፣ ሕፃን ዓይን ላይ የገባ ትንኝ እንደሚያወጣ ሰው፣ በከንፈራቸው ጫፍ እፍ አሉ።

ስምንት!

ጩኸቱ ጎዳናው ድረስ ተሰማ። ፀጉር ሠሪዋ ወንበር ላይ ወጥታ እልል አለች፤ ጋሼ በዚያ ሰውነታቸው ሲዘልሉ ትሪው ሁሉ ተንጫጫ። ወንድሟ የሚተርከውን ራሱም መስማት አልቻለም፦ ድምቡሼ የረጅሙን ገመድ ጫፍ በአፉ ይዞ ወንዙን በሆዱ ሊነካው ጥቂት ሲቀረው ተነሥቶ፣ ቀና ብሎ፣ ማዶ ደርሷል። ፍሬን ፊቷ በዱቄትና በእንባ ተቦክቶ "በረረ! አያችሁት? በረረ!" ትላለች፤ ሁሉም እያዩት።

ጋሼ ከመደርደሪያው ኋላ በጨርቅ የተሸፈነ ነገር አወጡ። ክንፉን የዘረጋ ትልቅ ዘንዶ ነው፤ ጠዋት ነው የጋገሩት፣ ሽታው ገና ያውዳል።

"እንዴ ጋሼ! ባይበርስ ኖሮ?"

"ባይበርማ ሁለቱንም እንበላቸው ነበር" አሉ።

የድሮው ድምቡሼ በጭብጨባ ተከፋፈለ። ያን ያህል ጊዜ ቆይቶ እንደ ድንጋይ ስለደረቀ፣ ማንም አኝኮ ሊጨርሰው አልቻለም። ጭራው ለፍሬን ደረሳት።

ሲወጡ ገና ፀሐይ ነበር። የማሠልጠኛ መኪናዋ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ቆማለች። ፍሬን ቁልፉን አወጣችና ለፀጉር ሠሪዋ ሰጠቻት። ጋሼና ወንድሟ ከኋላ ተጨናንቀው ገቡ፤ አዲሱ ዘንዶ ጋሼ ጉልበት ላይ ነው። ፍሬን ከልጅቱ አጠገብ ተቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ከዚያ ሁለቱን እግሮቿን ወደ መቀመጫው ሰብስባ ላያቸው ላይ ተቀመጠችባቸው።

"እትዬ፣ ምን እየሆንሽ ነው?" አለች ልጅቱ መሪውን እንደያዘች።

"ንጂ።"

መኪናዋ ዘለለች፣ ሞተሩ ጠፋ። ተነሣ፣ እንደገና ጠፋ። ወንድሟ ከኋላ ሊናገር ሲል ጋሼ አፉን በመዳፋቸው ዘጉት። በሦስተኛው መኪናዋ መንገዱን ያዘች፤ ማዞሪያው ቀረበ፣ ከግራ አውቶቡስ ብቅ አለ። ፍሬን የዘንዶውን ጭራ ከነቅርፊቱ አፏ ውስጥ ከተተችና ጥርሷን ነከሰችበት። ልጅቱ ፍሬኑን ራሷ ያዘች።