በፎን የደረቀው ጊታር

ፎጣው ላይ የተንጠባጠበውን ቢጫ ነገር እናት ያየችው የፀጉር ማድረቂያውን ፎን ካጠፋች በኋላ ነው። ሦስት ጠብታ፣ እንደ ቀለጠ ቅቤ ያለ፣ ጣት ሲነካው ወዲያው የሚረጋ። «የደንበኛ ቅባት ይሆናል» ብላ ጠረገችውና ጊታሩን ወደ ቦርሳው መለሰችው።

ፀጉር ሠሪዋ እናት ክፉ ነገርን ሳይመጣ ወጥታ የምትቀበል ሰው ነበረች። ልጇ ከባንድ ልምምድ ስትመለስ ዝናቡ ቦርሳውን ዘልቆ የኤሌክትሪክ ጊታሩን አርሶት ነበርና፣ በእናትየው ሐሳብ ነገሩ ሁሉ አልቆ ነበር። ልጅቷ እርጥቡን ጊታር ትሰካለች፣ ኤሌክትሪክ ይይዛታል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አያድርስ። ስለዚህ ልጅቷ ከፀጉር ሳሎኑ ጀርባ ባለው ቤታቸው ገላዋን ስትታጠብ፣ ጊታሩን ፎጣ በተነጠፈበት ወንበር ላይ አጋድማ፣ ከክሮቹ ሥር ያለውን ፒክአፕ፣ ያንን የክሩን ንዝረት ለድምፅ ማጉያው የሚያቀብለውን ዕቃ፣ በፎኑ የመጨረሻ ሙቀት ግማሽ ሰዓት ሙሉ አደረቀችው።

በማግስቱ ከሰዓት ልጅቷ ዐይኗ ቀልቶ ሳሎኑ ውስጥ ዘው አለች።

«እማ፣ አለቀልኝ!»

«በሞትኩት! ያዘሽ? የቱ ጋ ነው የያዘሽ?»

«ማን ነው የሚይዘኝ? ጊታሩ ነው እንጂ! ማጉያውን ትንሽ ከፍ ስናደርገው ሲይይይ ብሎ ይጮሃል። ከበሮ መቺው ‹ጅራቷን የተረገጠች ድመት ይዘሽ መጣሽ?› አለኝ። የባንዱ መሪማ ‹ለነገው ዝግጅት የማይጮህ ጊታር ካላመጣሽ በቦታሽ የአጎቴን ልጅ አስገባለሁ› ብሎኛል። ሁለት ዓመት የለፋሁት ለነገ ነው እኮ!»

እናት ፎጣው ትዝ አላት። የፎኑን ነገር ደብቃ የጊታሩን ቦርሳ አነሳች።

ተያይዘው ከሳሎኑ አጠገብ ወዳለው የድምፅ መሣሪያ ጥገና ቤት ሄዱ። ቴክኒሻኑ፣ ሳቁን ጢሙ ውስጥ የሚደብቅ ሽማግሌ፣ ጊታሩን ሰክቶ ፒክአፑን በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ አደረገው። ማጉያው ዷ! ዷ! አለ።

«ጤነኛ ቢሆን ይኼን ባልሰማሁ። ፒክአፑ ማይክራፎን ሆኗል» አለ። «ነይ ልጄ፣ ውስጡን የምናይበት መብራት አብረን እናምጣ» ብሎም ልጅቷን ይዟት ወደ ጓዳ ገባ።

እናት ብቻዋን ቀረች። እንደ ታመመ ልጅ ጊታሩ ላይ ጎንበስ ብላ፣ «እጄን በቆረጠው! ምን አቅብጦኝ ነው በፎን የጠበስኩህ?» አለችው።

ማጉያው እያንዳንዷን ቃል ተቀብሎ፣ በአፍንጫው እንደሚያወራ ሰው፣ እስከ ጓዳ ድረስ አሰማው።

የቴክኒሻኑ ሳቅ ቀድሞት ወጣ። ልጅቷ ግን በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«እማ! ጊታሬን? በፎን?»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የራስ መመለጡን በሥራዋ ታውቀዋለች፤ የአፍ ማምለጡን ዛሬ አየችው።

«ኤሌክትሪክ እንዳይይዝሽ ብዬ ነው፣ የኔ ዓለም። ከዚያ አንድ ቢጫ ነገር ተንጠባጠበ...»

«ሰሙ ነዋ!» አለ ቴክኒሻኑ። «አየሽ እህቴ፣ እዚህ ውስጥ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ ተጠምጥሟል። እንዳይነቃነቅ ጨብጦ የሚይዘው ሰም ነው። አንቺ አቀለጥሽው። አሁን የማጉያው ድምፅ ሽቦውን ያነቃንቀዋል፣ ሽቦው ያንኑ መልሶ ለማጉያው ይልካል፣ ማጉያው አብሶ ይመልስለታል። እንደ ሁለት ነገረኛ ጎረቤት ሲመላለሱ ነገሩ ጩኸት ይሆናል።»

«ይድናል?»

«እንደገና ሰም ውስጥ ከተነከረ ይድናል። ሙቀቱ ላይ ነው ጣጣው። ከስልሳ አምስት ዲግሪ ካለፈ ፕላስቲኩ ይጣመማል፤ በጣም ካነሰ ሰሙ ውስጥ ድረስ አይዘልቅም። እኔ ያለኝ ምድጃና ድስት ነው። አሳርሬው ከልጅሽ ጋር አልጣላም።»

እናት ቀና አለች። «ስልሳ አምስት ነው ያሉት፣ ጋሼ?»

ሳሎኑ ውስጥ ደንበኞች እጃቸውን ለማለስለስ የሚነክሩበት የፓራፊን ሰም ማሞቂያ ነበር። የሰው እጅ አቃጥላ ስትታሰር ስለሚታያት፣ በማሞቂያው ቁጥር ሳታምን ሌላ ቴርሞሜትር ጨምራ የምትሰቅል ፀጉር ሠሪ እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ቴክኒሻኑ ማጉያውን ተሸክሞ ሦስቱም ወደ ሳሎኑ ተሻገሩ። እናት ሽቶና ቅባት ያለበትን ሰም ገልብጣ ንጹሑን አቀለጠች። ቴክኒሻኑ ፒክአፑን ፈትቶ በሽቦው አንጠልጥሎ ነከረው። ከሥሩ ደቃቅ አረፋ ተግተለተለ።

«ፈላ! ሊፈነዳ ነው!» እናት የማሞቂያውን ክዳን እንደ ጋሻ አነሳች።

«አየሩ እየወጣ ነው፣ እማ። ሰሙ ሲገባ አየሩ የት ይሂድ?»

«እሳትም ሲጀምር እንደዚሁ ነው፣ ምንም አይደለም ይባላል።»

ቢሆንም ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ስልሳ አራት ሲሆን ዝቅ፣ ስልሳ ሲሆን ከፍ እያደረገች፣ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ዐይኗን ከቁጥሩ ሳትነቅል ቆየች። «እንዲህ የምትጠብቅ ነርስ ባገኝ ሆስፒታል ተኝቼ በቀረሁ» አለ ቴክኒሻኑ።

አረፋው ሲያቆም አወጡት፤ ጠርገው፣ አቀዝቅዘው፣ ወደ ቦታው መልሰው ሽቦውን በየዱት። ልጅቷ ማጉያው ፊት ለፊት ቆማ ድምፁን ከፍ አደረገች።

ጸጥ።

«ሞተ» አለች እናት። «ገደልነው።»

«ዝም ማለቱ እኮ ነው ጤናው!» ልጅቷ ክሮቹን መታቻቸው። መስታወቶቹ ተንቀጠቀጡ፣ የፀጉር መጠቅለያ ቢጉዲኖቹ በሣጥናቸው ውስጥ ተንጫጩ። መዳፏን ክሮቹ ላይ ስታሳርፍ ድምፁ ቀጥ አለ። ፉጨት የለም።

«ጨምሪው» አለች እናት።

«ከዚህ በላይ?»

«ነገ ሕዝብ ፊት ከሚያዋርድሽ ዛሬ እዚሁ ይጩህ። ጨምሪ!»

ጨመረችው። አልጮኸም። እናት አላመነችም፤ ጎንበስ ብላ ፒክአፑን «ሃሎ?» አለችው። የመለሰላት የለም።

ልጅቷ ስልኳን ማጉያው አጠገብ አድርጋ ለባንዱ መሪ ደወለችና ነገ የምትጫወተውን ከዳር እስከ ዳር ተጫወተችለት። ሲያልቅ፣ «በቃ፣ የአጎቴን ልጅ አትምጣ እለዋለሁ» አለ መሪው። «አራት ሰዓት ላይ ድረሺ።»

ልጅቷ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ቴክኒሻኑ ማጉያውን ተሸክሞ እየሳቀ ወጣ።

«መድረኩስ ቢደረመስ?» አለች እናት፣ ገና ከእቅፏ ሳትወጣ።

«ከበሮ መቺው ላይ እወድቃለሁ። እሱ ላይ የወደቀ ሰው ፍራሽ ላይ እንደወደቀ ነው።»

እናት ሳትወድ በግድ ሳቀች። ማሞቂያውን ከሶኬቱ ነቀለች፣ መብራቱን አጠፋች፣ የሳሎኑን በር ገፋ አድርጋ ቁልፉን አዞረችው።