ሥጋ የማይወጣበት ትሪ

በሥልጠናው ቀን የአዳራሹ ማራገቢያ ተበላሽቶ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣው አሰልጣኝ ኃይለየሱስ ላቡን እየጠረገ፣ በሰው አንጎል ውስጥ ኦክሲቶሲን የሚባል ቅመም እንዳለ አስረዳ። እናት ስትወልድና ስታጠባ ይመነጫል፤ ሰው አብሮ ሲበላና ምስጢሩን ሲያካፍልም እንዲሁ። «ይህን ቅመም ማመንጨት የቻለ መሪ፣ ሠራተኛው ሳይገደድ ይተባበረዋል» አለ።

በልብስ ስፌት ፋብሪካው የመስመር አራት ኃላፊ የሆነችው በለጠች በልቧ ሳቀች። ለዚህ ነው እንዴ ሰውየው በአውሮፕላን የመጣው? እሷና ስድስቱ ሴቶቿ ሦስት ዓመት ሙሉ ምሳቸውን አንድ ትሪ ላይ ገልብጠው ሲበሉ ኖረዋል። ስድስቱ ሙስሊሞች ናቸው፣ ክርስቲያን እሷ ብቻ። ክርስቲያን ያረደውን እነሱ፣ እስላም ያረደውን እሷ ስለማይበሉ፣ በዚያ ትሪ ላይ ሥጋ ወጥቶ አያውቅም። ምስር፣ ሽሮ፣ ድንች፣ ሩዝ። እንዲህ ይሁን ያለ ሰው አልነበረም፤ ለአንዲት ሴት ሲሉ ስድስት ሴቶች የምሳ ሥጋን ረሱ።

ሥልጠናው ግን ቅጽ ይዞ መጣ። ጠዋት ጠዋት ክብ ሠርተው ይቆማሉ፣ ሁሉም የልቡን ያወራል፣ ኃላፊዋ ደግሞ «ዛሬ ማን ምን አካፈለ?» የሚለውን ሞልታ ለቢሮ ታስገባለች። በለጠች የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናት፤ ወረቀት ስታከብር ነው ያደገችው። ባዶ ቅጽ መመለስ አይሆንላትም።

አንድ ማክሰኞ፣ መተኮሻው ላይ የምትሠራው ሰገል ክቡ መሐል ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

«አባዮ፣ እህቴ በለጠች፣ ወላሂ ከናንተ መደበቅ አልቻልኩም። አርግዣለሁ፤ ሦስት ወር ሆነኝ።»

ካገባች ስድስት ዓመቷ ነበር። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ከመሐላቸው ካፊያ የምትባለው አቀፈቻት፣ በለጠች አለቀሰች። ያ ሰውዬ ያለው ቅመም እውነትም ካለ፣ ያን ጠዋት መስመር አራትን አጥለቅልቆታል።

በለጠች ቅጹ ላይ ጻፈች፦ «ሰገል ነፍሰ ጡር ናት። ከእንፋሎቱ ተነስታ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ የምትሠራው ሥራ ቢፈለግላት።» እግዜር ያያል፣ ለበጎ ነበር። ግን ደግነትና ቂልነት ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከብዕር የወጣው ደግሞ ዶሴ ውስጥ ይገባል።

ወሩ ሲያልቅ የሰገል ውል አልታደሰም። በለጠች ቢሮ ሮጠች። ሥራ አስኪያጁ አቶ ክፍሉ ቅጹን መዝዞ አሳያት።

«ጥሩ መረጃ የምትሰጪን አንቺ ብቻ ነሽ። የሌሎቹ ኃላፊዎች ቅጽ ሁልጊዜ ባዶ ነው» አለና አመሰገናት።

«እኔ እኮ ወንበር ነው የለመንኩላት!»

«ወንበር የለም።»

ሌሎቹ ለምን ባዶ እንደሚመልሱ ያን ጊዜ ገባት። አፈረች፤ እንደዚያ አፍራ አታውቅም። ወጥታም ከሴቶቿ አልደበቀችም፣ «እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለቻቸው። ማንም አልሰደባትም። ሀዊ ብቻ «አቦ፣ እኛ ላንቺ ነው እንጂ ለቢሮ መች ነገርን?» አለችና ፊቷን አዞረች።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ትሪው እንደ ወትሮው ወጣ። በለጠች ምስሯን ይዛ ቀረበች። ካፊያ የፍየል ጥብስ ገለበጠች። ሀዊ ሥጋ የበዛበት ሩዝ ጨመረች። የቀሩት ሦስቱም እንዲሁ፣ አምስት ምሳ ዕቃ፣ አምስቱም ሥጋ። ሂጂ ያላት የለም። «ቢስሚላሂ» ብለው መብላት ጀመሩ።

በለጠች ምሳ ዕቃዋን ይዛ ዞረች። ሰገል ትሠራበት ከነበረው መተኮሻ አጠገብ ሄዳ ምስሯን ብቻዋን በላች። ቆማ ነው የበላችው፤ እዚያ ወንበር የለም።