ድምፄ ያለበት ሳጥን

ባሌ ጠይቆ መልስ የማይጠብቅ ሰው ነው። «ልውጣ?» ይላል፣ በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን ካወጣ በኋላ። «ጨው ልጨምርበት?» ይላል፣ ጨምሮ ሲያበቃ። ድሮ ግድ አልነበረኝም፤ ጥያቄው ከአፉ ሳይወጣ በመልሱ እቀድመው ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ድምፄ ከስፌት መኪናዬ በላይ ወጥቶ የጎረቤት ግድግዳ ስለሚያልፍ ሰፈሩ «ሬዲዮ» ነበር የሚለኝ። «ሬዲዮ ዛሬ ምን አወራች?» ይባባላሉ። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ይሰብራል የተባለው ለእኔ ነው።

ከዚያ ጉሮሮዬ ውስጥ ያ ክፉ ነገር በቀለ። ሐኪሙ ማንቁርቴ ካልወጣ እንደምሞት ነገረኝ። ከወጣ ደግሞ ድምፅ የለም። ቢሮ የምትሠራው ልጄ አለቀሰች፣ አልቅሳ ሲወጣላት መላ ይዛ መጣች። ሰው አስቀድሞ ድምፁን በብዛት ከቀረጸ፣ በኋላ የሚጽፈውን በራሱ ድምፅ የሚናገርለት ፕሮግራም አለ።

«ዝም ብለሽ አንብቢ እማዬ፣ ያገኘሽውን። ሲሰለችሽ አባዬን ስደቢው፣ እሱም ይጠቅማል።»

ሳሎን ጥግ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ አነበብኩ። ጋዜጣ፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ ልጄ ትምህርት ቤት የተማረችባቸውን መጻሕፍት። ባሌን ያለ ወረቀት ሰደብኩት። የልጄን ስም በቁጣም ጠራሁት፣ በፍቅርም ጠራሁት። ሊያርዱኝ በወሰዱኝ ዋዜማ ዘፈንኩ፤ ዘፈን ደግሞ አልችልም።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ፕሮግራሙ ተጫነ፣ ኮምፒውተሩ ግን አንዲት ቃል ሳያወጣ ደርቆ ቀረ። ልጄ እንዳለችው ፕሮግራሙ ብርቱ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል፤ የእኛው ፎቶ ለማሳየት እንኳ የሚያቃስት ነው። አዲስ ካርድ ከገባለት ደግሞ አሮጌው ፓወር ሰፕላይ፣ ከግድግዳው መብራት ተቀብሎ ለሌላው የሚያከፋፍለው ማለት ነው፣ አይችለውም። ሁለቱም መቀየር አለባቸው።

«እኔ እያለሁ ለማን ይሰጣል?» አለ ባሌ።

የቤት መብራት የሚዘረጋ ኤሌክትሪሻን ነው። ሥራውን ያውቃል፣ አልክድም። ያን ኮምፒውተር ከዓመታት በፊት የገጣጠመው ራሱ ነው። ኬብሎቹን ከብረቱ ጀርባ አስተኝቶ፣ በእኔው ሰም በተቀባ ክር ቋጥሮ ቋጥሮ አሰራቸው። እንግዳ በመጣ ቁጥር የሳጥኑን ጎን ከፍቶ ያሳያል፣ ሰው የልጁን ፎቶ እንደሚያሳይ።

ዕቃውን ልንገዛ አብረን ሄድን። እሱ የሱቁን ሽቦ አዘረጋግ እያየ ከንፈሩን ሲመጥ ሻጩ ወደ እኔ ዞረ። መናገር የማይችል ሰው መስማትም የማይችል ይመስላቸዋል፤ እየጮኸ ነው የነገረኝ።

«እናት፣ ከአዲሱ ጋር የመጡትን ኬብሎች ብቻ ይጠቀሙ። የአሮጌው ጫፉ ይገባል፣ ውስጡ ግን የሽቦው አሰላለፍ ሌላ ነው። ያቃጥላል።»

አንድ በአንድ እያነሣም አሳየኝ፤ ይሄ የካርዱ፣ ይሄ የሃርድ ዲስኩ።

ቤት ስንደርስ ለመናገሪያ በያዝኳት ትንሽ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩለት። አንብቦ «እሺ» አለ። በማግስቱ ልጄ ወደ ሥራ ስትወጣ «አባዬ፣ ሳትከፍተው በፊት የእማዬን ድምፅ ፍላሽ ላይ ገልብጥ፤ ወይ እኔ እስክመጣ ጠብቅ» አለችው። ለእሷም «እሺ» አለ። እሺው እንደ ጥያቄው ነው። ልጁ ከሥራ ስትገባ እናቷ በገዛ ድምፅዋ በር ላይ እንድትቀበላት ፈለገ። የፈለገው ይህን ብቻ ነው። ክፋት ቢኖረው ኖሮ በቀለለኝ።

ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ራሱን ሳጥኑ ውስጥ ከተተ። አሮጌውን ካርድ አወጣ፣ አቧራውን እፍ አለ፣ አዲሱን አስገብቶ በብሎን አጠበቀ፤ ፓወር ሰፕላዩንም ለወጠ። ወፍራሞቹን ኬብሎች እንዳልኩት ቀየረ። እኔ ከስፌት መኪናዬ ኋላ ሆኜ አያለሁ። ድንገት ዓይኔ ወለሉ ላይ አዲሶቹ ኬብሎች ወደመጡበት ላስቲክ ሄደ። አንዱ አዲስ ኬብል እንደተጠቀለለ ተኝቷል። የሃርድ ዲስኩ ነው፤ ድምፄ ያለበት። አሮጌው የዲስክ ኬብል ከብረቱ ጀርባ በክሬ እንደታሰረ ነው፤ ያን ማውጣት ያን የሚኮራበትን እስር ማፍረስ ነው። እጁ አልታዘዘለትም። የአሮጌውን ጫፍ ስቦ አዲሱ ፓወር ሰፕላይ ላይ ሰካው፣ ገባለትም።

«ኬብል ኬብል ነው» ብሎ ለራሱ አጉረመረመ።

ብድግ አልኩ። ሐኪሞቹ ለመተንፈሻ ከተዉልኝ የአንገቴ ቀዳዳ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ስፈልገው የክር ጥቅል ነው የምወረውርበት፤ የቤታችን ቀልድ ሆኗል። ወረወርኩ፣ ትከሻውን አገኘሁት። ሳቀ።

«ቆይ እንጂ፣ ጨርሻለሁ። ላብራው?»

ሁለተኛውን ወረወርኩ። ጠረጴዛውን እየገፋሁ ወደ እሱ ሄድኩ። ጀርባውን እንደሰጠኝ «እሺ፣ እሺ» እያለ ማብሪያውን ተጫነው።

ትንሽ ነገር ጠቅ አለ። ቀጥሎ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። አዲሱ ካርድ ምንም አልሆነም፤ ማራገቢያው ይሽከረከራል፣ መብራቱ ያበራል። ስክሪኑ ላይ ግን ዲስክ አልተገኘም የሚል ጽሑፍ ወጣ። ባሌ እንደተንበረከከ መቀሴን አንሥቶ ያን ሁሉ ክር ቆራረጠው፣ አሮጌውን ኬብል መዞ አዲሱን ሰካ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ልጄ ዲስኩን ይዛ ያልደረሰችበት ጠጋኝ የለም። ያየው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። አዲስ ዲስክ ገዝታ ፕሮግራሙን ከአንዲት የማላውቃት ሴት ድምፅ ጋር ጫነችልኝ። ቆሽቴ አሮ ስለነበር የመጀመሪያ ጽሑፌ ለባሌ ሆነ፦ «አንተ ደንቆሮ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ እንዳልክ ገደልከኝ።» ሴትዮዋ ባንክ ቤት ተራ እንደምትጠራ ሆና፣ በትሕትና አነበበችው። ልጄ ሳቋ አመለጣትና ፊቷን ሸፍና ወጣች። እሱ አልሳቀም።

«አንቺ አይደለሽም» አለኝ።

ስልኮቻችን ተበረበሩ። ሬዲዮ እንዲህ ስትለፈልፍ ኖራ ማንም አልቀዳትም። በባሌ ስልክ ውስጥ አንዲት አጭር የድምፅ መልእክት ብቻ ተገኘች፤ ለፕሮግራሙ የማትበቃ። ያን ቀን ለምን እንደፈለግኩት ሁለታችንም አናስታውስም።

አሁን ሲጠይቀኝ ሙሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞሮ፣ እጆቼን እያየ ይጠብቃል። «ሻይ ላፍላ?» ይልና ይቆማል። ድምፄ ከሄደ ወዲህ ስመኘው የኖርኩት ይህን ነበር። ሰሌዳውም ጠመኔውም ጉልበቴ ላይ ናቸው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም እለዋለሁ። እሱም ሻዩን ሳያፈላ እንደቆመ ይቀራል።

ጠዋት ጠዋት ስልኩን ይዞ መታጠቢያ ቤት ይገባና በሩን ይቆልፋል። ካውያዬን አግዬ ልብስ ስተኩስ ይሰማኛል፤ ያ ቁጡ፣ ግድግዳ የሚያልፈው ድምፄ።

«የት ነህ? ስጠራህ ለምን አትመልስልኝም?»

ደግሞ መልሶ ያጫውተዋል። ከዚያ ቧንቧውን ይከፍታል።