ከፎቅ ያልወረደው አባት

ካምሻት፣ ኮክ ጄልከን የሚባለውን የመዝናኛ ሥፍራ የምታውቀው ገና የፋብሪካ ሠራተኞች ልጆች የበጋ ካምፕ ሳለ ነው። ሥራ የጀመረችው በሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ፊሽካ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ በካዛኪስታን የካፕቻጋይ ሐይቅ ዳር ቆማ፣ ከአልማቲ ከተማ በአውቶቡስ ተጭነው የሚመጡትን ከሲታ ልጆች ዋና ታስተምር ነበር። ልጆቹም መምህራቸውን ሁሉ እንደሚጠሩት «አፓይ» ይሏታል።

ሶቪየት ሲፈርስ ካምፑም ፈረሰ። በሩን፣ መስኮቱን፣ የአልጋውን ብረት ሳይቀር የአካባቢው ሰው ተቀራመተው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ላምና ነፋስ ተፈራረቁበት። በኋላ መንግሥት ቁማር ቤቶች ከትልልቅ ከተሞች ወጥተው ሐይቁ ዳር እንዲሰበሰቡ ባዘዘ ጊዜ አንድ ባለሀብት መጣ። ባለ ሦስት ፎቅ ሆቴል ቆመ። ሁለተኛው ፎቅ ካዚኖ ሆነ። ከታች ደግሞ ውሃ መጫወቻ ተሠራ፤ ሰባት መንሸራተቻ፣ ማዕበል የሚያነሳ ገንዳ፣ ግቢውን ዞሮ የሚመለስ ሰው ሠራሽ ወንዝ። ባለሀብቱ ሞኝ አልነበረም። ልጆች ሲንቦጫረቁ የሚውሉበት ቦታ ካለ አባት «ቤተሰቤን ላዝናና» ብሎ ነው ከቤት የሚወጣው።

ካምሻት ጡረታ ስትወጣ እዚያው ተቀጠረች፤ የልብስ ሳጥን ቁልፍ አዳይ ሆና።

ሳያን የመጣው በግንቦት መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ ነው። ስምንት ዓመት የሚሆናት ልጅ በእጁ ይዟል። ካምሻት አላወቀችውም፤ እሱ ነው ያወቃት።

«አፓይ! እርስዎ ነዎት? ሳያን ነኝ እኮ፣ ከሐይቁ ጎትተው ያወጡኝ!»

አስታወሰችው። በካምፑ የመጨረሻ በጋ ነው፤ አሥር ዓመቱ ነበር። የመኪና ጎማ ላይ ተኝቶ ሲንሳፈፍ ነፋስ ወሰደው፤ ጎማው ተገልብጦ ስትደርስበት ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር።

«አንተ ውሃ ጠጪ!» አለችው እየሳቀች። «አሁንስ ዋና ቻልክ?»

«የት ችዬ! እሷ ትዋኝልኝ።» የልጅቱን ፀጉር ዳበሰ። «ቶሚሪስ ትባላለች። እናቷ ካረፈች ሁለት ዓመት ሞላት። አፓይ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ወደ ላይ ብቅ ብዬ ልምጣ፤ ዓይንዎን ጣል ያድርጉባት።»

አንድ ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ሆነ።

በሚቀጥለው ቅዳሜም መጣ። ከዚያ በሥራ ቀንም መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ በራሱ መኪና ነበር፤ በሰኔ አጋማሽ አባትና ልጅ ከአውቶቡስ ሲወርዱ ካምሻት አየች። መኪናው የት ገባ ብላ አልጠየቀችም። የሚጠየቅ ነገር አልነበረም።

በምሳ ሰዓት ቶሚሪስ ከውሃ ወጥታ ቁልፍ ማደያው ባንኮኒ ሥር ትቀመጣለች። ካምሻት ከቤት ያመጣችውን ባውርሳክ፣ በዘይት የተጠበሰውን ድቡልቡል ሊጥ፣ ታካፍላታለች። የልጅቱ ጣቶች በውሃ ብዛት ተሸብሽበው የአሮጊት ጣት መስለዋል።

«ዘመድ የለሽም?» አለቻት አንድ ቀን።

«ማይራ አክስቴ አለች፣ ሴሜይ ከተማ። ስልኳን በቃሌ አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ እንደውልላት?»

ልጅቱ ማኘኳን አቆመች። «አይደውሉ አፓይ፣ እባክዎ! ከደወሉ ትወስደኛለች። ከዚያ አባዬን ማን ወደ ቤት ይወስደዋል?»

ካምሻት አልደወለችም። የልጅ ቃል አንጀቷን በላው። ሳያንን ግን ሲወጣም ሲገባም ትመክረው ነበር፤ «እሺ አፓይ» ይላታል፣ እንደ ጥሩ ተማሪ። እሺታው ደረጃውን እስኪወጣ ድረስ ነው።

በሐምሌ፣ ድንጋይ የሚያግል ሙቀት የመጣ ሰሞን፣ ካምሻት ሁለት ቀን ታማ ቀረች። በሦስተኛው ቀን ስትመለስ ቶሚሪስ ከረጅሙ መንሸራተቻ የብረት ደረጃ ላይ ወድቃ ሰው ከቧት አገኘች። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም ነበር፤ ወጥታ ወጥታ ጫፉ ጋ ስትደርስ ዓይኗ ጨለመ። ክንዷ ተሰብሯል፤ ግንባሯ ይደማል።

የአባቷን ስም በድምፅ ማጉያ ደጋግመው ጠሩ። የውሃ መጫወቻው ድምፅ ካዚኖው ውስጥ አይገባም፤ ሲሠራ እንደዚያ ተደርጎ ነው የተሠራው። ካምሻት ደረጃውን በስድሳ አንድ ዓመቷ እየሮጠች ወጣች። በሩ ላይ ጥበቃው ዳንያር እጁን ዘረጋ።

«አፓይ፣ የታች ሠራተኛ አይገባም። በነጠላ ጫማ ደግሞ ጭራሽ! ከሥራ ያባርሩኛል።»

«ልጅ ደም በደም ሆናለች፣ አንተ የጫማ ወሬ ታወራለህ? ዞር በል!»

ዞር አለ።

ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። መስኮት የለውም፤ ግድግዳው ላይ ሰዓት የለም። ሳያን ካርታ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሷል፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«ሳያን፣ ቶሚሪስ ወድቃለች። አምቡላንስ እየመጣ ነው። ተነስ!»

ዞሮ አያት። ፊቱ አመድ መሰለ። «ትተነፍሳለች?»

«ትተነፍሳለች። ክንዷ ተሰብሯል። ተነስ እንጂ!»

«እሺ፣ መጣሁ። ይቺ ዙር ትለቅ ብቻ።»

«ምን አልክ?»

«አንዲት ዙር፣ አፓይ! አሁን ብነሳ ሁሉም ነገር ከንቱ ይቀራል። እርስዎ ይቅደሙ፣ እከተላለሁ።»

ክንዱን ይዛ ጎተተችው። የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው፤ ንቅንቅ አላለም። ካርታ የምታድለው ወጣት አንገቷን ደፍታ ትንሽ ቆየች። ከዚያ አደለች።

ካምሻት ብቻዋን ወረደች።

ሆስፒታል ነርሷ የቤተሰብ ስልክ ስትጠይቅ ቶሚሪስ በሕመም መሃል የአክስቷን ቁጥር እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ወረደችው። ካምሻት ኮሪደር ወጥታ ደወለች። ሁሉንም ተናገረች።

ሳያን የደረሰው አምስት ሰዓት ያህል ዘግይቶ ነው። ልጅቱ ክንዷ በጀሶ ታስሮ፣ ዓይኖቿን ገልጣ አየችው። ፊቷ በራ።

«አባዬ፣ ዛሬስ በላህ ወይስ ተበላህ?»

ሳያን አልጋው አጠገብ መሬቱ ላይ ተቀመጠና አፉን በሁለት እጁ አፈነ።

ማይራ በባቡር መጥታ በሁለተኛው ቀን ልጅቱን ወሰደቻት። ሳያን አልተከራከረም፤ የልጅቱን ቦርሳ ተሸክሞ ሸኛቸው። ቶሚሪስ አባቷን አቅፋ አልለቅ ስላለች ማይራ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታቻቸው። ካምሻት ልትስማት ጎንበስ ስትል ልጅቱ ፊቷን አዞረች።

«አይደውሉ ብዬ ነበር» አለች።

በሳምንቱ ካምሻት ከሥራ ተሰናበተች፤ ያለፈቃድ ካዚኖ ገብታ እንግዳ አውካለች ተብሎ። አልተቆጣችም። ቁልፎቹን አስረክባ ወጣች።

በመስከረም ሳያን ቤቷ መጣ። ሻይ በወተት ቀዳችለት። ከስቷል፣ ጺሙ አድጓል። ሌላ ሆቴል ውስጥ ሰሃን አጣቢ እንደሆነ፣ አንድ ቀን ብቻ ከቀናው ቶሚሪስን እንደሚያመጣ ነገራት።

«አንድ ቀን የሚባለውን ተወው» አለችው። «ጤነኛ ነህ፣ ጉልበት አለህ። ሴሜይ ሂድና ጡብ ተሸከም። ልጅህ አንተን እንጂ ሌላ ነገር አልጠየቀችም።»

«ባዶ እጄን? በምን ዓይኔ አያታለሁ አፓይ?»

«በዚሁ ዓይንህ!»

ራሱን ነቀነቀ፤ እሺ ይሁን እምቢ አልለየችም። ከበሩ ሲወጣ በመስኮት ተከተለችው። የባቡር ጣቢያው በግራ ነው፤ እሱ ወደ ቀኝ፣ ሐይቁ ዳር ወዳሉት ካዚኖዎች ታጠፈ። መስኮቱን ከፍታ ልትጠራው አሰበች። ተመልሳ የሻይ ሲኒውን አነሳች።

በመጋቢት ማይራ ደወለች። ፍርድ ቤት ልጅቱን ለእሷ ሰጥቷል፤ ሳያን በቀጠሮው ቀን አልተገኘም።

«ቶሚሪስ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ትማራለች፣ ትበላለች። ውሃ ግን አትጠጋም፤ ገላዋን ለማጠብ እንኳ ትግል ነው።»

«እስኪ ታናግረኝ።»

በስልኩ ውስጥ ሹክሹክታ ተሰማ። ከዚያ ማይራ ተመልሳ፣ «ተኝታለች፣ አፓይ» አለች።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር።