በእኛ ቤት ላላ ያለ የለም

አያት ጠዋቱን ሙሉ ፈጣሪን ሲለምኑ ያረፈዱት የልጅ ልጃቸው እንድትድን አልነበረም፤ ድናለችና። የለመኑት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው «ቅዳሜ አትጫወቺም» እንዲል ነው። ልጅቱ የትምህርት ቤቱ ቡድን በረኛ ናት፣ ቅዳሜ የዋንጫ ጨዋታ አላት። ባለፈው ወር ኳስ ልታወጣ ዘላ ስታርፍ ቁርጭምጭሚቷ ተጠምዝዞ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ነበር። አያት ያንን እብጠት እስከ ዛሬ አልረሱትም፤ እብጠቱ ግን ረስቷቸው ከሄደ ሰንብቷል።

ባለሙያው ልጅቱን በአንድ እግር አቆማት፣ አስዘለላት፤ ከዚያ የክሊኒኩ አልጋ ጠርዝ ላይ አስቀመጣትና ደህነኛውን እግር ያዘ።

«ልጄ፣ የታመመው ያኛው ነው» አሉ አያት።

«አውቃለሁ እማማ። መጀመሪያ ጤነኛውን አይቼ ነው የማመሳክረው።»

«ደህነኛው ምን አደረገህ? ተወው። የተኛ ነገር አይቀሰቀስም።»

«እማዬ፣ በናትሽ ዝም በይ» አለች በረኛዋ።

ባለሙያው በአንድ እጁ ቅልጥሟን ደግፎ፣ በሌላው ተረከዟን ጨብጦ ወደ ፊት ሳብ አደረገ። ተረከዙ እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ ወጣ አለና ቆመ። አያት ዓይናቸውን ጨፈኑ። በታመመውም ደገመው። ያም ወጣ አለና እዚያው ላይ ቀጥ አለ።

«ላላ ይላል» አለ ባለሙያው ለራሱ።

አያት ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር፤ የፈለጉት ይህንኑ ነው። ቃሉ ግን ሌላ ሆኖ ጆሯቸው ገባ።

«ምን አልክ? በእኛ ቤት ላላ ያለ የለም። እናቷ ኮስታራ፣ እኔ ኮስታራ፣ ቅድመ አያቷማ ሲስቁ ያየ ሰው የለም።»

«ስለ ጅማቱ ነው እማማ።»

«ጅማቱስ የማን ነው?»

«እኔም እሱን ልጠይቅዎ ነው። ሁለቱም እኩል ላላ ይላሉ፣ መጨረሻቸው ግን ጥብቅ ነው። ተበጥሶ ቢሆን የታመመው ብቻውን ያለ ልጓም ይሄድ ነበር። ከቤተሰቡ እንዲህ የሚተጣጠፍ ሰው አለ?»

አያት እጃቸውን ሹራባቸው ውስጥ ከተቱ። «የለም።»

«እማዬ፣ ልጅ ሆኜ ሳለቅስ አውራ ጣትሽን ክንድሽ ላይ አስተኝተሽ እሹሩሩ ስትዪው አልነበር?»

«እሱ ጨዋታ ነው።»

«እስቲ ጨዋታውን ያሳዩኝ» አለ ባለሙያው።

አውራ ጣታቸው እንደ ጠገበ ሕፃን ክንዳቸው ላይ ተጋደመ። ቀጥሎ እግራቸውን ጠየቃቸው። የካልሲያቸው ቀዳዳ ትዝ ያላቸው ጫማቸውን ካወለቁ በኋላ ነው። ካልሲው ወልቆ ባለሙያው ሲስበው፣ ተረከዛቸው ከልጅ ልጃቸውም ብሶ ወጣ።

«ዘር ከልጓም ይስባል ማለት ይሄ ነው» አለ ባለሙያው። «ለመሆኑ በዚህ እግር ወድቀው ያውቃሉ?»

«እኔ? ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ቀን ተደናቅፌ አላውቅም።»

ለማን እንደመሰከሩ የገባቸው ከአፋቸው ካመለጠ በኋላ ነው። በረኛዋ ሳቋን ልትደብቅ ጣሪያውን ታያለች።

«በሉ፣ ምስክር ከተገኘ ምን ቀረ?» አለ ባለሙያው። «ቁርጭምጭሚቷ በፕላስተር ጥብቅ ተደርጎ ይታሰርና ትጫወት። የማጠንከሪያውን እንቅስቃሴ ግን እንዳታቋርጥ።»

አያት ግን ካልሲያቸውን አላጠለቁም፤ እግራቸውን እንደዘረጉ ቆዩ።

«ለእኔም እሰርልኝ።»

«እርስዎ አይጫወቱም እኮ እማማ።»

«ኳስ ወደሷ በመጣ ቁጥር ከመረቡ ጀርባ የሚሯሯጠው ማን መሰለህ?»