አስ ደባቂው

ሰዳቢው ክሌይተን በርክ ነው። ቀኑ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ከቅዱስ ፓትሪክ በዓል ቀጥሎ የዋለው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ከሃያ። ቦታው ሞንታና፣ ቢዩት ከተማ፣ የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር አዳራሽ፣ በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ጠረጴዛ። የሰሙት ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። ቶይቮ ላህቲ የዘጠኙንም ስም ያውቃል፤ ማን ጮክ ብሎ እንደሳቀ፣ ማን አፉን በእጁ ሸፍኖ እንደሳቀም አልረሳም።

ያን ቀን የፖከር ውድድሩ ከተጀመረ ገና ሃያ ደቂቃው ነበር። ለቶይቮ ሁለት አስ ደረሰው። ከዚያ የሚበልጥ መነሻ ካርታ የለም። እሱ ግን ሰዎቹ እንዳይሸሹበት ብሎ፣ ትንሿን ማስያዣ ብቻ አስይዞ፣ ምንም እንደሌለው ሰው አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። በርካሽ መግባት ማን ይጠላል? አምስት ሰው ተከትሎት ገባ። ከአምስቱ አንዱ በርክ ነበር፤ የያዘውም ሰባትና አራት፣ ሌላ ጊዜ አይቶ የሚጥለው ኮተት። ለሁሉም የሚሆኑት ካርታዎች ጠረጴዛው ላይ ሲገለጡ ሰባትም መጣ፣ አራትም መጣ፤ ሁለት ጥንድ ደግሞ ከአንድ የአስ ጥንድ ይበልጣል። ቶይቮ በገንዘብ ፈንታ የሚያስይዙትን ጠጠር በሙሉ ገፋ፤ በሙሉ ተበላ።

«አንተ ሰውዬ» አለ በርክ ጠጠሩን በሁለት ክንዱ እየሰበሰበ፣ «ለአንተ አስ መስጠት እኮ ዓሣን ኮርቻ መጫን ነው! እንደ ሰረቀ ሰው ምን ያስደብቅሃል?»

ከዚያ ወዲህ ስሙ «አስ ደባቂው» ሆኖ ቀረ። ነዳጅ ማደያ ሲገባ አስ ደባቂው፣ ፀጉር ቤት ሲቀመጥ አስ ደባቂው። ሐሙስ ሐሙስ የሚጫወትበትን ወንበር እንኳ ሳይነግሩት ለሌላ ሰጡበት። በርክ ኢንሹራንስ ሻጭ ነው፤ ሚዙላ ኮሌጅ ተምሯል፣ ሌላ ሰው ሲያወራ ሰዓቱን ያያል። ቶይቮ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ በማዕድኑ ጉድጓድ ሠላሳ አንድ ዓመት ትልልቁን መኪና የነዳ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው መስደብ ቀላል ነው፤ መልሱን በዚያው ሰዓት አያገኘውም፣ ቤቱ ሲደርስ ነው የሚመጣለት።

ለባለፈው ዓመት ውድድር ሳይመጣ ቀረ። ፈሪ አሉት።

ዘንድሮ ግን ክረምቱን ሙሉ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ካርታ እየበወዘ፣ ለሌሉ ሰዎች እያደለ፣ ለብቻው ተጫወተ። በአንድ ሰው ላይ አስ አብዛኛውን ጊዜ ያሸንፋል። በአምስት ሰው ላይ ግን የአንዱ ካልመጣ የሌላው ይመጣል። እንግዲያው ጥሩ ካርታ የያዘ ሰው ከመጀመሪያው አስወድዶ በሩን ማጥበብ አለበት፤ ሁሉም ቢሸሹ ይሽሹ። ይህን ማንም አላስተማረውም። ኮሌጅም አልገባበትም።

ዛሬም ቀድሞ ከወጣ ያ ስም እስከ መቃብሩ እንደሚከተለው ያውቃል። የሱፍ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ገባ። ዕጣው ከማን ጋር ቢያስቀምጠው ጥሩ ነው? ከበርክ ጋር፤ ከግራው ሁለተኛው ወንበር ላይ።

«ኧረ እንኳን ደህና መጣህ!» አለ በርክ። «እኛ ራስህንም የደበቅህ መስሎን ነበር!»

ጠረጴዛው ሳቀ። ቶይቮ ጠጠሩን አስተካከለ።

በሦስተኛው ዙር ሁለት ንግሥት ደረሰው። ሃምሳ የነበረውን ማስያዣ ሦስት መቶ አደረገው። ሁሉም ካርታቸውን ጣሉ።

«ዶሮዎቹን አስበረገግሃቸው» አለ በርክ።

ትንሽ ቆይቶ አስና ንጉሥ መጣለት። አሁንም ሦስት መቶ አለ፤ አሁንም ሁሉም ጣሉ። ካርታውን ለማንም ሳያሳይ ለአዳይዋ መለሰ።

«ዛሬ ምን በልቶ ነው የመጣው?» አለ በቀኙ የተቀመጠው ሽማግሌ፣ ስቴቮ ራዱሎቪች፤ በጉልበቱ ላይ የሥጋ ፓስቲ ይዞ ይገምጣል።

«ምንም አልያዘም» አለ በርክ። «የሁለት ዓመቱ እልህ ነው የሚያስጮኸው።»

ግማሽ ሰዓት ያህል ሲሆን አዳይዋ ማርሊን ለቶይቮ ሁለት ካርታ ወረወረችለት። ጥጋቸውን በአውራ ጣቱ ቀና አደረገ። አስ። ደግሞ አስ።

ልቡ እንደ ድሮው «ደብቅ፣ ይሸሹብሃል» አለው። የዘጠኙ ሰዎች ሳቅ በጆሮው መጣ።

«ተራው የእርስዎ ነው፣ አቶ ላህቲ» አለች ማርሊን።

«አራት መቶ» አለ።

ቀጥሎ ያለው ሰው ጣለ። በርክ ካርታውን አየና ፈገግ አለ። «አንድ ሺህ አምስት መቶ።» ሌሎቹ በሙሉ ጣሉ።

«አራት ሺህ» አለ ቶይቮ።

«ይኸውላችሁ» አለ በርክ ወደ ጠረጴዛው ዞሮ፣ «ይህን ሰው እኔ ነኝ የማውቀው። አስ ቢኖረው ትንፋሹም አይሰማም ነበር። አስ ሲይዝ ይደበቃል! አገር የሚያውቀው ነው እኮ።»

«ክሌይ፣ እንደ ሬዲዮ ለፈለፍህ» አለ ስቴቮ። «ወይ ግባ ወይ ጣል።»

በርክ ገባ። ማርሊን ሦስት ካርታ ገለጠች፤ ዘጠኝ፣ ስድስት፣ ሁለት። ቶይቮ የቀረውን ጠጠር በሙሉ፣ በሁለት መዳፉ፣ ቀስ ብሎ ወደ መካከል ገፋ።

በርክ አሰበ እንኳ አይባልም። «ገብቻለሁ!» ብሎ ካርታውን በጥፊ እንደመምታት አድርጎ ገለጠ። ሁለት ጃክ፣ ከንግሥት በታች ያለው ካርታ።

ቶይቮ የራሱን አንድ በአንድ አስቀመጠ። አስ። አስ።

ስቴቮ መገመጡን ተወ። ማርሊን አራተኛውን ካርታ ገለጠች፤ ንጉሥ። አምስተኛው ሦስት ነበር። ከሌላው ጠረጴዛ ሰዎች ወንበራቸውን ትተው መጥተው በሰው ትከሻ ላይ አሻግረው ያያሉ፤ ውድድሩ ገና አንድ ሰዓት አልሞላውም።

«ይቅርታ፣ አቶ በርክ» አለች ማርሊን፣ «የአቶ ላህቲ ይበልጣል። እርስዎ ጨርሰዋል።» ወዲያው ከመድረኩ የአሥር ደቂቃ ዕረፍት ተባለ።

በርክ ግን ቆሞ ቀረ፤ ፊቱ ቀልቷል። «ይሄ ዕድል ነው! ሁለት አስ ሕፃን ልጅም ቢይዘው ያሸንፍበታል። ደግሞ እንደዚያ አድርጎ ማስያዝ... አንተ እንደዚያ ተጫውተህ አታውቅም እኮ! ከየት አመጣኸው?»

ቶይቮ ጠጠሩን በየቀለሙ ደረደረ። አልቸኮለም። ሁለት ክረምት ሙሉ ለዚህ ሰው ያላዘጋጀው መልስ አልነበረም፤ አንዳንዱ እንዲያውም ጥሩ ነበር። አሁን ሲያየው የትኛውም ለበርክ ይበዛበታል። ያሰናከለህ ራስህ ያወጣህልኝ ስም ነው ብሎ ቢነግረው በነፃ ማስተማር ነው፤ ለኮሌጅ ይክፈልና ይማር።

ስቴቮ እጁን በሱሪው ጠርጎ ዘረጋለት። «ቆንጆ አድርገህ ነው የተጫወትኸው፣ ወንድሜ። ሐሙስ ብቅ በል።»

ቶይቮ እጁን ጨበጠው። ሸሚዙን አስተካክሎ ተነሣ። መንገድ ለቀቁለት፤ እሱም መልቀቃቸውን አየ።

«ተናገር እንጂ!» አለ በርክ ከኋላው። «ሁለት ዓመት ስትጠብቀው የኖርኸው ቀን አይደለም? ቶይቮ! አንተን እኮ ነው!»

ቶይቮ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ በጠረጴዛዎቹ መካከል አልፎ ሄደ።